ወይና ደጋ ምንድን ነው? ሀገር ሊዞር ለተነሳ ሰው

ወይና ደጋን ያልሰማ ሰው የለም። ሁላችንም ትምህርት ቤት ተምረነዋል፣ "የኢትዮጵያ የአየር ጠባይ በስንት ይከፈላል" ተብሎ ፈተና ላይ መጥቶልን መልሰናል፣ ከዛ በቃ ከደብተሩ ጋር ጥለነዋል። ችግሩ የሚመጣው ሻንጣ የምናዘጋጅ ቀን ነው። የሆነ ቦታ ልንሄድ ስንል የምንጠይቀው ወሩን ነው፣ ክረምት ነው በጋ ነው እንላለን፣ ስንት ኪሎሜትር ነው ስንት ሰዓት ይፈጃል እንላለን፣ "ቦታው ስንት ሜትር ከፍታ ላይ ነው?" ብሎ የሚጠይቅ ሰው ግን እኔ ብዙ አላጋጠመኝም። እዚህ ሀገር ደግሞ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት እሱ ነው።

እኔም የገባኝ ዘግይቶ ነው። አንዴ ታህሳስ ላይ ገና ሳይነጋ ከአዲስ አበባ ተነስተን ወደ ወሎ ስንሄድ ደብረ ብርሃን ላይ ቁርስ የበላነው የሻይ ብርጭቆውን በሁለት እጃችን አቅፈን ነው፣ ጣርማ በር ስንደርስ ጉሙ መንገዱን ውጦት ሹፌሩ መብራት አብርቶ እየተንፏቀቀ ነበር የሚነዳው፣ እኔ ጋቢ ውስጥ ተጠቅልያለሁ። ከዛ ዋሻውን አልፈን ቁልቁል፣ ደብረ ሲና፣ አሁንም ቁልቁል፣ ጋቢው ወረደ፣ ሹራቡ ወለቀ፣ መስኮቱ ተከፈተ፣ ሸዋ ሮቢት ስንገባ ሰው ሁሉ በካናቴራና በነጠላ ጫማ ጥላ ስር ተቀምጧል፣ እኛ ብቻ ብርዱን ተሸክመን የመጣን ይመስል እንታያለን። ወሩ ያው ታህሳስ ነው ቀኑም ያው ቀን ነው። ግን ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ ሸዋ ሮቢት 1,300 አካባቢ።

ወደ ቃሉ ልመለስ። ወይና ደጋ ማለት እንዳለ ሲፈታ የወይን ደጋ ነው፣ ወይን ሊበቅልበት የሚችል፣ ብርዱም ሙቀቱም ያልበዛበት መካከለኛ ደጋ። መፅሐፍ ላይ ሲቀመጥ ከባህር ጠለል በላይ ከ1,500 እስከ 2,300 ሜትር አካባቢ ያለው መሬት ነው። ከሱ በታች እስከ 500 ድረስ ቆላ፣ ከዛም በታች በረሃ (ሀሩርም ይሉታል)፣ ወደ ላይ ደግሞ እስከ 3,200 አካባቢ ደጋ፣ ከዛ በላይ ውርጭ ወይም ቁር። እንደ መሰላል አስቡት፣ እግሩ ዳናኪል ውስጥ ከባህር ጠለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ቆሟል፣ ጫፉ ራስ ደጀን ላይ ከ4,500 ሜትር በላይ ደርሷል። ዳሎል ላይ እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1966 በተለካው መሰረት የዓመቱ አማካይ ሙቀት 34.6 ዲግሪ ነው፣ ልብ በሉ የቀን ሙቀት አይደለም፣ ሌሊቱም ክረምቱም ተደምሮ አማካዩ ነው፣ ሰው ኖሮበት ከተለካ ቦታ በዓለም ትልቁ ተብሎ የተመዘገበ። ራስ ደጀን አናት ላይ ደግሞ አንዳንዴ በረዶ ይጥላል። ሁለቱም ሰሜን ኢትዮጵያ ውስጥ ናቸው።

ቁጥሮቹን እንደ አጥር አትያዟቸው ግን። አንዱ መፅሐፍ 2,300 ካለ ሌላው 2,400 ይላል፣ ዝናቡና ነፋሱም ነገሩን ይቀይረዋል። አዲስ አበባ ራሷ ሁለቱንም ይዛለች፣ አቃቂ ወደ 2,100 ሜትር ነው፣ እንጦጦ አናቱ ከ3,000 በላይ፣ በአንድ ከተማ ውስጥ ታክሲ ቀያይሮ ከወይና ደጋ ደጋ መግባት ይቻላል። ሰዉም ቃላቱን የሚጠቀማቸው ከራሱ ሰፈር ተነስቶ ነው፣ የደብረ ብርሃን ሰው አዲስ አበባ ሲመጣ ጃኬቱን ያወልቃል፣ የድሬዳዋ ሰው እዛችው አዲስ አበባ ሲመጣ ይንቀጠቀጣል። አንድ ነገር ላይ ግን ሁሉም ይስማማል፣ ቆላ ይወረዳል ደጋ ይወጣል። "ቆላ ወጣ" የሚል ሰው ሰምታችሁ አታውቁም። ኪሎሜትር ሳይኖር ጀምሮ ቋንቋው ራሱ መንገዱን በከፍታ ነው የሚለካው።

ልጅ ሆኜ የሚገርመኝ ነገር ነበር፣ ተራራ ላይ ስንወጣ ወደ ፀሐይ እየቀረብን አይደለም እንዴ፣ ታዲያ ለምን ይበርደናል? መልሱ ፀሐይ አየሩን በቀጥታ ብዙም አታሞቀውም ነው። መሬቱን ታሞቃለች፣ መሬቱ አየሩን ያሞቃል፣ የሞቀው አየር ወደ ላይ ሲወጣ ከላይ የሚጫነው አየር እያነሰለት ስለሚሄድ ይሰፋል፣ ሲሰፋ ደግሞ ይቀዘቅዛል። በግምት በየ1,000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ተኩል ይቀንሳል። ይቺን ቁጥር መያዝ ነው እንግዲህ። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ነው፣ አዋሽ ከተማ ከ1,000 ትንሽ ዝቅ ትላለች፣ ልዩነቱን ስታሰሉት 9 ዲግሪ አካባቢ ይመጣል፣ አዲስ አበባ 23 ሲሆን አዋሽ 32 ማለት ነው። ሁሌ በትክክል ይገጥማል አልልም፣ ደመናና እርጥበት አለ፣ ግን ስልክ ላይ ካለው የአየር ሁኔታ አፕ የተሻለ የሰራልኝ ጊዜ አለ፣ ምክንያቱም አፑ ብዙ ጊዜ የሚሰጣችሁ በአቅራቢያ ያለውን ከተማ ነው፣ እናንተ ደግሞ ከከተማው 1,000 ሜትር በላይ ተራራ ላይ ድንኳን ልትተክሉ ትችላላችሁ።

ይሄ የሚታይባቸው መንገዶች ብዙ ናቸው። ከድሬዳዋ ሐረር 50 ኪሎሜትር ገደማ ነው፣ ግን ደንገጎን ስትወጡ ከ1,200 ወደ 2,000 ሜትር ትሄዳላችሁ፣ ድሬ ላይ ያላባችሁ ሸሚዝ ሐረር ላይ ይበርዳችኋል። ደሴና ኮምቦልቻ 25 ኪሎሜትር ቢራራቁ ነው፣ ደሴ ብርድ ኮምቦልቻ ሞቅ ያለች፣ መሀል ላይ ያለው ቁልቁለት ከ600 ሜትር በላይ ያወርዳል። የዓባይ በረሃ ደግሞ ራሱን የቻለ ነው፣ ጎሃ ጽዮን ላይ ደጋ ላይ ቆማችሁ ታዩታላችሁ፣ ወደ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ትወርዳላችሁ፣ ጆሯችሁ ይደፈናል፣ ሙቀቱ ፊት ላይ ይመጣል፣ ከዛ ያንኑ ያህል ሽቅብ ወጥታችሁ ደጀን ላይ መልሳችሁ ጃኬት ትፈልጋላችሁ። ይሄ ሁሉ 40 ኪሎሜትር ውስጥ።

ቱሪስት የሚሄድባቸው ከተሞች አብዛኞቹ ወይና ደጋ ላይ መሆናቸው ግን ዕድል ነው፣ ባህር ዳር 1,800፣ ሐዋሳና አዳማ 1,700 አካባቢ፣ ሐረር፣ ጎንደር፣ አክሱም፣ ጅማም እንዲሁ፣ ቀን በሸሚዝ ማታ በሹራብ የሚያልቅ ነገር። ላሊበላ 2,500 አካባቢ ስለሆነች ማታ ማታ ትቀዘቅዛለች። አርባ ምንጭ 1,300 አካባቢ ቆላ። ጋምቤላ 500 ገደማ ነች፣ ቆላውና በረሃው የሚገናኙበት፣ ሆኖም በረሃ ሲባል አሸዋ የሚመጣባችሁ ከሆነ ጋምቤላን አይታችኋት አታውቁም፣ አረንጓዴ ነች፣ ወንዝ አላት፣ ዝናብም በደንብ ይዘንብላታል። እነዚህ ስሞች መጀመሪያ የሚነግሩን ሙቀቱን ነው፣ ዝናቡ ሌላ ታሪክ ነው።

የዝናቡን ነገር ካነሳን፣ "የ13 ወር ፀጋ" የሚለው የድሮ የቱሪዝም መፈክር (ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ ናቸው ያመጡት፣ በእንግሊዝኛው "የ13 ወር ፀሐይ" ነው የሚለው) የሚያምር ነው፣ ግን ሐምሌ ላይ አዲስ አበባ ዝናብ የያዘው ሰው ፊት ባትደግሙት ይሻላል። ከውጭ የሚመጡ ወገኖቻችን ላይ በተደጋጋሚ የሚደርስ ነገር ነው፣ እዛ ሰመር ነው፣ እረፍት ነው፣ ቁምጣ ተይዞ ይመጣል፣ እዚህ ሐምሌና ነሐሴ የክረምቱ እምብርት ነው። ደመናው ፀሐይን ስለሚጋርድ ቀኑ ከዓመቱ ሁሉ ቀዝቃዛው ይሆናል። ሌሊቱ ግን በተቃራኒው ነው፣ የደጋ ሌሊት የሚከፋው ክረምት ሳይሆን በጋ ነው፣ ህዳርና ታህሳስ ሰማዩ ጥርት ስለሚል መሬቱ ቀን የሰበሰበውን ሙቀት ሌሊት ሁሉንም ይለቀዋል፣ ክረምት ላይ ደመናው እንደ ብርድ ልብስ ይዞት ነበር። ውርጭ የሚወርደውም ያኔ ነው፣ በጠራ ሰማይ። ስለዚህ "በጋ ነው አይበርድም" ብሎ ሰሜን ተራሮች ላይ በስስ ስሊፒንግ ባግ የሚያድር ሰው ሌሊቱን ኮከብ ሲቆጥር ነው የሚያነጋው፣ ኮከቡ ያምራል ያው።

ሌላው የሚያሳስተው ክረምት ለሁሉም ክረምት መምሰሉ ነው። ዝናቡን የሚያመጣው ፀሐይን ተከትሎ ወደ ሰሜን ወጥቶ ወደ ደቡብ የሚመለስ የዝናብ ቀበቶ ነው። ሰሜኑ ቀበቶው የሚታጠፍበት ጫፍ አካባቢ ስለሆነ ዋናው ዝናብ አንዴ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ይመጣለታል። ቦረና፣ ሶማሌ፣ ታችኛው ኦሞ ግን ቀበቶው ሲሄድም ሲመለስም ያልፍባቸዋል፣ አንዱ ከመጋቢት እስከ ግንቦት (ቦረናዎች "ጋና"፣ ሶማሌዎች "ጉ" የሚሉት)፣ ሌላው ጥቅምትና ህዳር አካባቢ (ሀጋያ፣ ዴይር)። አዲስ አበባ ጃንጥላ ይዛ ስትሮጥ ያቤሎ ደረቅ ነው። ምዕራቡ ደግሞ፣ ጎሬና ኢሉባቦር አካባቢ፣ ዝናቡ ረጅም ነው፣ ደረቅ የሚባለው ወራቱ ጥቂት ነው፣ ቡናና ጥቅጥቅ ያለ ደን እዛ የኖረው በምክንያት ነው። ቱርሚና ኦሞራቴ ለመሄድ ያሰበ ሰው እንግዲህ ሚያዝያን አይምረጥ፣ መንገድ ላይ ያለ ደረቅ ወንዝ በአንድ ዝናብ ሞልቶ መኪና ያቆማል።

ስለ ወንዝ ካነሳሁ አይቀር ይቺን ጠንቀቅ ብላችሁ አንብቧት። ዝናቡ የሚዘንበው ደጋ ላይ ነው፣ ጎርፉ የሚደርሰው ቆላ ላይ ነው። እናንተ የቆማችሁበት ሰማይ ጥርት ያለ ሊሆን ይችላል። በ1998 ክረምት ድሬዳዋ ላይ ደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲያልቅ ውሀው በአብዛኛው የመጣው ከላይ ከሐረርጌ ደጋ ነው። አዋሽም አፋር ውስጥ የሚጥለቀለቀው ደጋው ላይ ክረምት ሲከርም ነው። ስለዚህ ቆላ ላይ አሸዋማ ደረቅ ወንዝ ውስጥ መኪና አቁሞ ምሳ መብላት፣ ድንኳን መትከል፣ ጥላው ቢያምርም ይቅርባችሁ።

ከፍታው ከልብስ አልፎ ጤናም ውስጥ ይገባል። ወባ በብዛት ያለው ከ2,000 ሜትር በታች ነው፣ የሚበረታውም ክረምቱ ወጥቶ ውሀው ሲያቁር፣ ከመስከረም እስከ ታህሳስ ባለው ጊዜ። የድሮ ሰው ቆላ ማደርን የሚፈራው ያለምክንያት አልነበረም፣ ወርዶ አርሶ አመሻሽ ላይ ደጋ ወጥቶ የሚያድር ገበሬ ነበር። ባህር ዳርም ሐዋሳም ከ2,000 በታች ናቸው፣ ሀይቅ ዳር አምሽቶ ያለ አጎበር መተኛት ጥሩ አይደለም። ወደ ላይ ሲሆን ደግሞ ችግሩ አየሩ መሳሳቱ ነው፣ ከባህር ጠረፍ ሀገር በርሮ መጥቶ በማግስቱ ደባርቅ (የሰሜን ተራሮች መግቢያ)፣ ከዛ ቀጥታ ከ3,200 ሜትር በላይ የወጣ ሰው ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ቢይዘው አይደንቅም፣ አንድ ሁለት ቀን አዲስ አበባ ወይ ጎንደር ቆይቶ መውጣት ይረዳል፣ ካልተሻለው መውረድ ነው እንጂ ክኒን ውጦ ሽቅብ መቀጠል ጀብድ አይደለም። ፀሐይዋም ደጋ ላይ ብርድ ስላለ ቀላል ትመስላለች፣ ግን የሚያጣራት አየር ስለሚያንስ ፊት ትልጣለች።

ስልኩ ኔትወርክ ከሌለው ከፍታውን በመስኮት ማንበብ ይቻላል፣ እኔ አሁን መንገድ ላይ የምጫወተው ጨዋታ ይሄ ነው። ማሽላ ከበዛ፣ ግራር ከተዘረጋ ቆላ ናችሁ። ጤፍና በቆሎ ሲመጣ፣ ዋንዛ ሲታይ፣ ወይና ደጋ ገብታችኋል። ገብስና ባቄላ ሆኖ ጽድና ኮሶ ከታየ ደጋ ነው፣ ሰዉም ላይ ጋቢው ይወፍራል። ጂባራ የሚባለው ረጅም ተክል ብቻውን ሜዳ ላይ ቆሞ ካያችሁት ውርጭ ላይ ናችሁ፣ ሹራቡን አሁን ልበሱት።

መሰላሉን በአንድ ቀን ማየት የሚፈልግ ሰው ባሌ ይሂድ። ጠዋት ጎባ ላይ 2,700 ሜትር አካባቢ ቁርስ በልቶ መኪናው ወደ ሳነቴ አምባ ይወጣል፣ 4,000 ሜትር ላይ ዛፍ የሚባል የለም፣ ጂባራና ድንጋይ፣ ዕድለኛ ከሆነ ቀይ ቀበሮ፣ ጎን ላይ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ቆሟል፣ ነፋሱ ጆሮ ይቆርጣል። ከዛ መንገዱ በድንገት ወደ ሐረና ደን ይጠልቃል፣ መጀመሪያ አስታ፣ ከዛ ቀርከሀ፣ ከዛ ሽበት ያንጠለጠሉ ትልልቅ ዛፎች፣ ከስራቸው የጫካ ቡና፣ እያንዳንዱ መታጠፊያ ላይ አንድ ልብስ ይወልቃል፣ ዶሎ መና ሲደርስ ሙቀቱ ይቀበለዋል፣ ጠዋት የለበሰው ጃኬት ደግሞ ጭኑ ላይ ተጣጥፎ ተቀምጧል። አውልቃችሁ ሻንጣ ውስጥ እንዳትቆልፉት ብቻ፣ ማታ ጎባ መመለስ አለ።