የጥርስ እጥበት ምንድን ነው?

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ አንድ ሰው «ጥርሴን ላሳጥብ ነው» ሲል ከአጠገቡ «ተው፣ ያላላብሃል» የሚለው አይታጣም። ይህ ስጋት ብዙ ሰው ጥርሱ እስኪነቃነቅ ድረስ ከሐኪም እንዲርቅ ያደርጋል። ስጋቱ ከየት እንደመጣ ለመረዳት መጀመሪያ የሚታጠበው ምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል።

ስሙ «እጥበት» ቢባልም ሥራው ድንጋይ ማንሳት ነው። ሐኪሞች ስኬሊንግ ይሉታል። ጥርስ በተፋቀ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ባክቴሪያዎች ላዩ ላይ ቀጭን፣ ሙልጭልጭ ያለ ሽፋን ይሠራሉ፤ ፕላክ ይባላል። ይህ ሽፋን ለስላሳ እስከሆነ ድረስ ብሩሽም መፋቂያም ይጠርገዋል። ሳይጠረግ ከቆየ ግን ምራቅ ውስጥ ያለው ካልሲየምና ፎስፌት ይሰርጉበታል። ከ1 እስከ 3 ቀን ባለው ጊዜ መጠንከር ይጀምርና በ10 ወይም በ12 ቀን ግድም ድንጋይ ይሆናል። ውሃ ሲፈላበት በኖረ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ነገር ያየ ሰው መልኩን ያውቀዋል። ከዚህ በኋላ ብሩሽ ቢጫኑትም አያነሳውም፤ መጫኑ የሚጎዳው ድዱን ነው።

ድንጋዩ በሁሉም ቦታ እኩል አይከማችም። የሚወድዳቸው ሁለት ስፍራዎች አሉ፦ የታችኛው የፊት ጥርሶች የኋላ ገጽ፣ በምላስ በኩል ያለው፣ እና የላይኛው መንጋጋ ጥርሶች በጉንጭ በኩል ያለው ገጽ። ምክንያቱም የምራቅ ዕጢዎች ቱቦዎች አፍ ውስጥ የሚከፈቱት እዚያው አጠገብ ነው፤ ማዕድኑም መጀመሪያ የሚያገኘው እነዚህን ጥርሶች ነው። አፍን በብርሃን ከፍቶ፣ ትንሽ መስታወት ከታችኛው የፊት ጥርሶች ጀርባ ይዞ ማየት ይቻላል። በጥርስና በድድ መገናኛ ላይ ቢጫ ወይም ቡናማ ጠርዝ ካለ፣ ምላስም ሲዳስሰው የሚሻክር ከሆነ፣ ድንጋይ ነው።

መፋቂያ የሚጠቀም ሰው እዚህ ላይ ልብ ሊል ይገባል። ወይራም ሆነ ልምጭ በደንብ ከታኘከና ጫፉ ጭራ ከሆነ ፕላክን ጥሩ አድርጎ ይጠርጋል፤ መናቅ የለበትም። ችግሩ እንጨቱ ቀጥ ያለ መሆኑ ነው። ከፊት የሚታየው ጥርስ ሲያበራ፣ ከጀርባው ያለው፣ ማለትም ድንጋዩ የሚጀምርበት፣ ሳይነካ ይቀራል። ጫፉን አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል አላምጦ፣ እንጨቱን ወደ ውስጥ አዘንብሎ፣ ከድድ ወደ ጥርሱ ጫፍ መፋቅ ነው፤ እንደ መጋዝ ወደ ጎን ከሳቡት ድድ ይሸሻል፣ ሥሩም ይገለጣል። ያገለገለው ጫፍ በየቀኑ ይቆረጥ። ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙና የሚሰጠውን ጥበቃ ግን መፋቂያ አይሰጥም፤ ስለዚህ ቢያንስ ማታ ከመተኛት በፊት ሁለት ደቂቃ በብሩሽና በሳሙና መቦረሽ፣ አረፋውን ተፍቶ በውሃ አለመጉመጥመጥ ይሻላል። የከሰል ዱቄት ግን አይመከርም፤ የሚያነጣው እየፋቀ ስለሆነ ኢናሜል የሚባለውን ጠንካራ ሽፋን ይሸረሽራል፣ የተሸረሸረ ኢናሜል ደግሞ አይተካም።

ድንጋዩ ለምን ይጎዳል? ላዩ ሻካራ ስለሆነ አዲስ ፕላክ በቀላሉ ይይዛል። ድዱ ይቆጣል፣ ያብጣል፣ ሲነካ ይደማል። ብዙ ሰው ደም ሲያይ «ብሩሹ አቆሰለኝ» ብሎ መፋቅ ያቆማል፤ በዚህም ችግሩ ይብሳል። እዚህ ደረጃ ላይ ድንጋዩ ከተነሳና ጥርሱ በየቀኑ ከተቦረሸ ድዱ በአንድ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይድናል። ካልተነሳ ግን ቁጣው ወደ ታች ወርዶ ጥርሱን የያዘውን አጥንት ይበላል። የጠፋ አጥንት በራሱ ተመልሶ አይበቅልም። ሕመሙ እምብዛም ስለሆነ ሰውየው የሚያውቀው ዘግይቶ፣ ጥርሱ ሲነቃነቅ ነው።

«እጥበት ያላላል» የሚለውም የመጣው ከዚህ ነው። ምሰሶውን ምስጥ የበላው ቤት በምርጊቱ ብቻ ቆሞ ሊታይ ይችላል፤ ምርጊቱ ሲነሳ ምሰሶው እንደሌለ ይታወቃል። ለዓመታት የተጋገረ ድንጋይም አጥንታቸው ያለቀባቸውን ጥርሶች አንዱን ከሌላው ጋር አያይዞ ያቆማቸዋል። ሲነሳ ጥርሱ ይወዛወዛል፣ በጥርሶች መካከልም ክፍተት ይታያል። ክፍተቱ ድንጋዩ የነበረበትና ያበጠው ድድ የሸሸበት ቦታ ነው። ጥርሱ አልተቆረሰም። በጊዜው የመጣ ሰው ይህን አያይም።

በአግባቡ የሚሠራ ሐኪም ወዲያው መሣሪያ አያነሳም። በሚሊ ሜትር ምልክት የተደረገባት ቀጭን ዘንግ በጥርስና በድድ መካከል እያስገባ ጥልቀቱን ይለካል፤ ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ጤነኛ ነው፣ 4 እና ከዚያ በላይ ግን ክትትል ይሻል፣ ራጅም ሊያስፈልግ ይችላል። ከዚያ በሴኮንድ ከ25,000 ጊዜ በላይ የሚርገበገብ ጫፍ ያለው መሣሪያ ድንጋዩን እየሰነጠቀ ያነሳዋል። ውሃ የሚረጨው ጫፉ እንዳይግል ነው። የቀረውን በእጅ መሣሪያ ይለቅመዋል፣ በመጨረሻም ላዩን በለስላሳ ማሻሻ ያለሰልሰዋል፤ ልሙጥ ጥርስ ላይ ፕላክ ቶሎ አይያዝም። ብዙ ጊዜ ከ30 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይፈጃል። ድንጋዩ ከድድ በታች ከወረደ በማደንዘዣ፣ በሁለት ወይም ከዚያ በላይ ቀጠሮ ይሠራል፤ ሁሉንም በአንድ ቀን ጨርሱልኝ ብሎ መጫን አያዋጣም።

ከእጥበት በኋላ ጥርስ ለጥቂት ቀናት ይጠርሳል፤ ድንጋይ ሸፍኖት የነበረው ሥር ተገልጧልና። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ በማለዳው ብርድ አፍ ከፍቶ መሄድ ጥርስን ይጠዘጥዛል። በነጠላ ወይም በሻርፕ አፍን መሸፈን፣ ለሚጠርስ ጥርስ የተዘጋጀ ሳሙና ለጥቂት ሳምንታት መጠቀም ይረዳል። ለድዱ በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ መጉመጥመጥ ይበቃል። ለ24 ሰዓት ከቡና፣ ከጫትና ከሲጋራ መታቀብ ቀለም ቶሎ እንዳይመለስ ያደርጋል።

ስለ ጫት ካነሳን፣ ቅጠሉን ሁልጊዜ በአንድ ጉንጭ መያዝ የዚያን ወገን ድድ ያሸሻል፣ አፍንም ያደርቃል፤ ከጎኑ የሚጠጣው ለስላሳና የሚላሰው ስኳር ደግሞ አሲድ የሚያመነጩ ባክቴሪያዎችን ለሰዓታት ይመግባል። ስኳር የበዛበት ቡናም ከአቦል እስከ በረካ ሲዘገይ እንዲሁ ነው። በመካከል ንጹሕ ውሃ መጎንጨት ቀላል መፍትሔ ነው።

እጥበት ጥርስን አያነጣም፤ ከላይ የያዘውን የቡናና የጫት ቀለም ያነሳል እንጂ የተፈጥሮ ቀለሙን አይቀይርም። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ፍሎራይድ የበዛበት ውሃ እየጠጣ ያደገ ሰው ያለበት ቡናማ ምልክትም በእጥበት አይለቅም። ጉዳቱ ጥርሱ ሲሠራ የገባ ነውና።

በየስንት ጊዜ? በየስድስት ወሩ የሚባለው የተለመደ ልማድ ነው። ድንጋይ የማይበዛበት ጤነኛ ሰው ዓመት ሊቆይ ይችላል፤ ስኳር በሽታ ያለበት ወይም አጥንቱ የተነካበት በየሦስት በየአራት ወሩ መታየት አለበት። ነፍሰ ጡር ሴት መታጠብ ትችላለች፤ ከአራተኛው እስከ ስድስተኛው ወር ያለው ጊዜ ለመተኛትም ይመቻታል።

ከመቀመጥ በፊት ሁለት ነገር ይነገር፦ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት መውሰድና የልብ ሕመም፣ በተለይ ሰው ሠራሽ የልብ ቫልቭ። ከድድ ወደ ደም የሚገባ ባክቴሪያ ቫልቭ ላይ ሊያርፍ ስለሚችል ሐኪሙ አስቀድሞ አንቲባዮቲክ ሊያዝ ይችላል። አንድ ነገር ደግሞ ይጠየቅ፦ መሣሪያው በአውቶክላቭ፣ ማለትም በ121 ዲግሪ በእንፋሎት ግፊት፣ ተቀቅሏል ወይ? የጉበት ቫይረስ በደም ይተላለፋልና በአልኮል መጥረግ ብቻ አይበቃም። የታሸገው ፓኬት በታካሚው ፊት ሲከፈት ማየት መብት ነው፤ ጥሩ ሐኪምም በጥያቄው አይቀየምም።