ወጣቱና ማኅበሩ፦ ከእድር እስከ ግቢ ጉባኤ

በኢትዮጵያ ከተሞች ማኅበርተኛ መሆን ለረጅም ዘመን በምርጫ የሚመጣ ነገር አልነበረም። እድር በአባወራ ወይም በእማወራ ስም ይመዘገባል፤ ልጆች በወላጆቻቸው መዋጮ ጥላ ሥር ያድጋሉ። ሐዘን ሲደርስ ድንኳን ይተክላሉ፣ አግዳሚ ወንበር ይሸከማሉ፤ በስብሰባው ላይ ግን ቃል የላቸውም። የጽዋ ማኅበርም ብዙ ጊዜ ከእናት ለልጅ ይወርዳል።

ይህ ውርስ ዛሬ ላልቷል። በአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሲስፋፉ ብዙ ነባር ሰፈሮች ፈርሰዋል፤ ጎረቤትም በዕጣ የሚደርስ ሆኗል። ሥራ ፍለጋ፣ ትምህርትና ስልክ ሲጨመሩበት አዛውንቱ «በሩን ዘግቶ የሚኖር ትውልድ» እያሉ ቢያማርሩ አይፈረድባቸውም። ይሁን እንጂ ይኸው ትውልድ ቅዳሜና እሁድ የት እንደሚውል ያየ ሰው ወቀሳውን እንዳለ አይቀበለውም።

መንግሥትም ወጣቱን ለማደራጀት ሞክሯል። በደርግ ዘመን በ1972 ዓ.ም. የተቋቋመው የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ወጣቶች ማኅበር (አኢወማ) እስከ ቀበሌ የወረደ መዋቅር ነበረው፤ ብዙዎች የሚያስታውሱትም ወደውና ፈቅደው የገቡበት ማኅበር አድርገው አይደለም። ከሥርዓቱ ጋር አብሮ አከተመ። ልጃቸው «አባል ሆንኩ» ሲላቸው ፊታቸው የሚለዋወጥ ወላጆች ዛሬም አሉ። በሕግ በኩል የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 31 የመደራጀት መብትን ደንግጓል፤ የበጎ አድራጎትና የሲቪል ድርጅቶችን አጥብቆ ይዞ የቆየው አዋጅ 621/2001 ደግሞ በአዋጅ 1113/2011 ተተክቷል። ወጣቶች የሚሰባሰቡባቸው ብዙ ቡድኖች ግን ማኅተምም ጽሕፈት ቤትም የላቸውም።

ወጣት ለምን ማኅበር እንደሚገባ ከሁሉ በላይ የሚታየው በዩኒቨርሲቲ ነው። አገሪቱ ከ40 በላይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አሏት፤ ተማሪውም የሚመደበው በአብዛኛው ከቤቱ ርቆ ነው። የጎንደር ልጅ ጅማ፣ የአርባ ምንጭ ልጅ ደብረ ብርሃን ሊደርሳት ይችላል። እዚያ ስትደርስ ሻንጣዋን ተቀብሎ መኝታ ክፍሏን የሚያሳያት ብዙ ጊዜ ነባር ተማሪ ነው፤ ያ ነባር ተማሪ ደግሞ ከአንዱ ስብስብ የተላከ ሊሆን ይችላል። ኦርቶዶክሳውያን ግቢ ጉባኤ የሚባል የተማሪዎች መንፈሳዊ ስብስብ አላቸው፤ በ1984 ዓ.ም. የተመሠረተው ማኅበረ ቅዱሳን በስፋት የሚታወቀውም በዚሁ ሥራው ነው። ሙስሊሞቹ ጀመዓ፣ ወንጌላውያኑ ፌሎሺፕ አላቸው።

እምነት ወደ እነዚህ ስብስቦች ያስገባል። ለማቆየት ግን ብቻውን የሚበቃ አይመስለኝም። አዲስ ገቢው ብዙ ሳይቆይ ሥራ ይሰጠዋል፦ ምንጣፍ ማንጠፍ፣ መዝሙር ማጥናት፣ የታመመ ተማሪ መጠየቅ፣ ሒሳብ ለከበደው ማስረዳት። ስሙ ተራ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። የቀረ ቀን «ምነው ጠፋህ?» የሚለው ሰው አለ። በሺህ በሚቆጠር ተማሪ መሀል በመታወቂያ ቁጥር ለሚኖር ልጅ መፈለግ ቀላል ነገር አይደለም።

ለሴቶች ልጆች ሌላም ምክንያት አለ። በብዙ ቤት አመሽታ ስትገባ ጥያቄ የማይበዛባት ከሰንበት ትምህርት ቤት ስትመለስ ነው። ትዳር የተጀመረበት መዘምራን ክፍልም ጥቂት አይደለም፤ ይህን ማንም በመተዳደሪያ ደንብ ላይ አይጽፈውም እንጂ።

ከእምነት ስብስቦች ውጭ በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ወጣት በጎ ፈቃደኞችን የመጀመሪያ ሕክምና እርዳታ ያሠለጥናል። በአቶ ቢንያም በለጠ የተመሠረተው የመቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል «ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው» ይላል፤ ወጣቶችም እየሄዱ አረጋውያንን ያጥባሉ፣ ይመግባሉ። ለምስክር ወረቀት ብሎ በጎ ፈቃደኛ የሚሆንም አለ። ሥራ ፈላጊ በበዛበት አገር ይህን ማሳፈር ተገቢ አይደለም፤ ለወረቀት መጥቶ ለሰው የሚቀርም ይኖራል።

ወጣቱ ከማኅበር የሚወጣበት ምክንያትም ይታወቃል። ሊቀ መንበሩ ዓመት ከዓመት ያው ሲሆን፣ የወጣቱ ድርሻ ወንበር መደርደር ብቻ ሲሆን፣ የመዋጮው ሒሳብ ሳይነገር ሲቀር ሰው አንድ በአንድ ይሳሳል። ምረቃም ብዙዎችን ይበትናል።

ከአገር ርቀው በቤት ሠራተኝነት የሚኖሩ ወጣት ሴቶች በቤይሩትም ሆነ በባሕረ ሰላጤው አገሮች በዕረፍት ቀናቸው ተሰባስበው እቁብ ይጥላሉ። የእድር ስብሰባ ላይ ተቀምጠው የማያውቁ ልጆች ናቸው። ከመካከላቸው አንዷ ስትሞት አስከሬኗን ወደ አገር ቤት ለመላክ ገንዘብ የሚያዋጡት ግን እነሱው ናቸው።