ፖስትዶክ ምንድን ነው? ዲግሪ ስላልሆነው «ድኅረ ዶክትሬት»

በቅርቡ በታደምሁበት ሠርግ ላይ የመድረኩ መሪ የሙሽራውን ዘመዶች ሲያስተዋውቅ እኔ ጋ ደረሰና «ዶክትሬቱን አልፎ ድኅረ ዶክትሬት ዲግሪውን በአሜሪካ የጨረሰ» ብሎ አስጨበጨበልኝ። በሰው ሠርግ ላይ ስለ ማዕረግ መከራከር ነውር ስለሆነ እጅ ነሥቼ ተቀመጥሁ። ይሁን እንጂ ይኸው አባባል በዜና ዕረፍት፣ በመጽሐፍ ጀርባ፣ በእንኳን ደስ አለህ መልእክትና በቴሌቪዥን የእንግዳ መግቢያ ላይ እየተደጋገመ ስለመጣ፣ ነገሩን አንድ ጊዜ ቁጭ ብሎ መጻፍ የሚያስፈልግ መስሎ ታየኝ።

ፖስትዶክ ዲግሪ አይደለም። ምዝገባ፣ ፈተናም ሆነ የምረቃ ካባ የለውም። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ኢንስቲትዩቶችና ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን በ2007 እ.ኤ.አ. በጋራ በተስማሙበት ፍቺ መሠረት፣ ፖስትዶክ ማለት ዶክትሬት ወይም የዶክትሬት አቻ የሆነ ዲግሪ ያለውና፣ ወደፊት በራሱ ቆሞ ለመመራመር የሚያስፈልገውን ችሎታ ለማዳበር በአማካሪ ሥር ለተወሰነ ጊዜ የሚሠለጥን ሰው ነው። ፍቺው የሚናገረው ስለ ሰው እንጂ ስለ ምስክር ወረቀት አለመሆኑን ልብ ይሏል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስሕተቱ ከየት እንደመጣ ግን ይገባኛል። «ድኅረ» ማለት «በኋላ» ማለት ብቻ ሆኖ ሳለ፣ «ድኅረ ምረቃ» ስንል ማስተርስንና ዶክትሬትን፣ ማለትም ዲግሪ የሚያስገኝ ትምህርትን ማለታችን ነው። ጆሯችን ይህን ስለለመደ ድኅረ ዶክትሬትንም በዚያው ልክ ሰፍተን አለበስነው። የመጀመሪያ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ዲግሪ እያልን ስንቆጥር ቆይተን፣ አራተኛው ሲጠፋብን እርሱን በቦታው አስቀመጥነው።

ይህንኑ በሌላ ጊዜ ስናገር አንድ አስተያየት ሰጪ «ከዶክትሬት በላይ ሦስት ዓመት የለፋ ሰው ከፍ ብሎ ቢጠራ ምን ነውር አለው?» ብሎ ሞገተኝ። ልፋቱን አልካድሁም፤ የካድሁት መሰላሉን ነው። በኢኮኖሚክስ ዶክትሬቱን እንደጨረሰ በቀጥታ ረዳት ፕሮፌሰር ሆኖ የሚቀጠር ሰው ብዙ ነው፤ ፖስትዶክ ባለመሥራቱ አንድ ደረጃ የጎደለው የለም። በነርቭ ሳይንስ ግን ያለ ፖስትዶክ መቀጠር ብርቅ ነው። ሦስት ፖስትዶክ የሠራ ሰው ደግሞ ሦስት ማዕረግ አልደረበም፤ ብዙውን ጊዜ ቋሚ የሥራ ቦታ ገና አላገኘም ማለት ነው። ይህን ለሰውየው «እንኳን ደስ አለህ» ብሎ መንገር ቁስል ላይ ጨው መነስነስ ይሆናል።

ከአገራችን ምሳሌ ካስፈለገ ለዚህ ነገር የቅኔ ቤት ይቀርባል። አንድ ተማሪ በአንዱ ጉባኤ ቤት ቅኔውን ጨርሶ ከተመረቀ በኋላ ባለቅኔነቱ አያጠራጥርም። ሆኖም ጎንጅ የተማረው ወደ ዋሸራ፣ ዋሸራ የተማረው ዓባይን ተሻግሮ ወደ ዋድላ ሄዶ የሌላውን ቤት መንገድ ያያል። እዚያ ሲደርስ እንደ አዲስ ገቢ ከጉባኤ ቃና አይጀምርም፤ ለታናናሾቹ እያስረዳ፣ ይዞት የመጣውን እያሳየ፣ ከአዲሱ የኔታ ያላወቀውን ስልት ይቀስማል። ሲመለስም የሚጠየቀው «ማዕረግህ ስንተኛ ደረሰ?» ተብሎ ሳይሆን «ከማን ቤት ዋልህ?» ተብሎ ነው። የፖስትዶክም ዋናው ጥያቄ ይኸው ነው፦ ከማን ቤት፣ ምን ይዞ ገብቶ ምን ይዞ ወጣ። በእርግጥ የቅኔ ተማሪው ቁራሽ ለምኖ፣ ከውሻ ጋር ታግሎ ሲያድር ፖስትዶኩ ደመወዝተኛ ነው። የቅኔ ተማሪው የተቀኘው ቅኔ የትም ቢሄድ የራሱ ሲሆን፣ ፖስትዶኩ ግን ሲወጣ የትኛውን የምርምር ጥያቄ ይዞ እንደሚወጣ ከቤተ ሙከራው ኃላፊ ጋር ገና ከጅምሩ መነጋገር አለበት። ሳይነጋገሩ የቀሩ ወዳጆቼ አራት ዓመት የደከሙበትን ሥራ እዚያው ትተው ሲወጡ አይቻለሁ።

ሙያዬ የእይታና የመማር ነርቭ ሳይንስ ስለሆነ፣ ነገሩን በጉልህ የሚያሳየው ምሳሌም ከዚያው ይገኛል። ቶርስተን ዊዝል በ1955 ከስዊድን ወደ ባልቲሞር፣ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ወደሚገኘው የስቲቨን ኩፍለር ቤተ ሙከራ የመጣው በፖስትዶክነት ነበር። በ1958 ዴቪድ ሂዩበል ተቀላቀለው። ሂዩበል ሊሄድ ያሰበው በዚያው ዩኒቨርሲቲ ይሠራ ወደነበረው ወደ ሌላው የአንጎል ተመራማሪ ወደ ቨርነን ማውንትካስል ዘንድ ነበር፤ የማውንትካስል ቤተ ሙከራ ገና እየታደሰ ስለነበር ኩፍለር «እስከዚያው እኛ ጋ ቆይ» አለው። ሁለቱም የሕክምና ዶክተሮች እንጂ ፒኤችዲ ያላቸው አልነበሩም፤ በፍቺው ውስጥ «አቻ የሆነ ዲግሪ» የሚለውን ቃል ዘልሎ የሚያነብ ሰው ይህን ያስብ። ሂዩበል ከዋልተር ሪድ የጦር ሠራዊት ምርምር ተቋም ራሱ ያበጀውን የተንግስተን ኤሌክትሮድ፣ ማለትም የአንዲትን ሕዋስ የኤሌክትሪክ ምልክት የሚያነሣ ቀጭን የብረት ዘንግ፣ ይዞ መጣ። በኩፍለር ቤት ደግሞ ብርሃንን በሬቲና (በዓይን ጀርባ ባለው ብርሃን ተቀባይ ሽፋን) ላይ በፈለጉት ቦታ የሚያሳርፍ መሣሪያና፣ የሬቲናን ሕዋሳት አንድ በአንድ የማጥናት ልምድ ጠበቀው።

ሁለቱ ሲገናኙ የሆነውን ተማሪዎቼ ደጋግመው ሰምተውኛል። በድመት የእይታ ኮርቴክስ (የሚታየውን በሚያስተናግደው የአንጎል ውጫዊ ንጣፍ) ውስጥ ያለችን አንዲት ሕዋስ በኤሌክትሮዱ እያዳመጡ፣ ጥቁር ነጥብ ያለበትን የመስታወት ስላይድ በመሣሪያው ውስጥ ወዲያና ወዲህ ያደርጉ ነበር። ሕዋሷ ለነጥቡ ደንታ አልነበራትም። ስላይዱን ሲያስገቡ ግን የመስታወቱ ጠርዝ ቀጭን የጥላ መስመር በሬቲናው ላይ እየጣለ ሲያልፍ፣ በድምፅ ማጉያው እንደ መትረየስ ተንጣጣች። ከነጥቡ ይልቅ መስመሩን፣ መስመሩንም በአንድ አቅጣጫ ሲያዘነብል ብቻ ትፈልግ ኖሯል። ሥራው በ1959 ታተመ፤ በ1981 የኖቤል ሽልማት አስገኘ። ሰው ኖቤሉን ያነሣል፤ ሥራው የተጀመረው አንዱ በፖስትዶክነት በመጣበት፣ ሌላው ለጊዜው በተጠጋበት ቤት መሆኑን ግን ማንም አያነሣም።

እግረ መንገዴን፣ ባልጠየቁኝም፣ አንድ ሌላ ስሕተት ላርም። እነዚሁ ሁለት ሰዎች በ1963 እንዳሳዩት፣ የድመት ግልገል በመጀመሪያዎቹ ወራት አንድ ዓይኗ ከተዘጋ የኮርቴክስ ሕዋሳቷ ለዚያ ዓይን የሚሰጡትን ምላሽ ያጣሉ፤ ያደገች ድመት ላይ ግን ይህ አይደርስም። ከዚህ ተነሥቶ «ከልጅነት በኋላ እይታ አይማርም» የሚል ሰው ብዙ ነው። አቪ ካርኒና ዶቭ ሳጊ በእስራኤል በ1991 ባሳተሙት ሥራ እንዳሳዩት፣ ዐዋቂ ሰዎች የመስመሮችን አሰላለፍ መለየትን በልምምድ ይማራሉ፤ የተማሩትም በተለማመዱበት ዓይንና በተለማመዱበት የሬቲና ቦታ ተወስኖ ይቀራል። ለአእምሮ ዕድገት ወሳኝ የሆነ ጊዜ አለ ማለትና ከዚያ በኋላ በሩ ተከረቸመ ማለት ይለያያሉ።

ዛሬ በዚህ ዘርፍ ከሚከፈቱት የፖስትዶክ ቦታዎች ብዙዎቹ በአይጥ ላይ የሚሠሩ ናቸው። ፖስትዶኩ ጠዋት አይጦቹን ይመዝናል፤ ለሽልማት እንዲሠሩ ውሃቸው ስለሚለካ ክብደታቸው ከወሰኑ በታች መውረድ የለበትም። ከዚያም በራስ ቅላቸው ላይ በተገጠመች ትንሽ የመስታወት መስኮት በኩል፣ ሲነቃቁ የሚያበሩ ሕዋሳትን በባለ ሁለት ፎቶን ማይክሮስኮፕ ያያል። አይጧ ወደ ላይ የቆሙ መስመሮች ሲታዩ ውሃውን እንድትልስ፣ አግድም ሲሆኑ እንድትተው ለማስተማር ሳምንታት ይፈጃል። የአይጥ ዓይን ከሰው ዓይን እጅግ የደበዘዘ ስለሆነ መስመሮቹ ወፋፍራም መሆን አለባቸው፤ ውጤቱንም ሳይጠነቀቁ ወደ ሰው መገልበጥ አይገባም። እኔ በፖስትዶክነቴ የመጀመሪያ ወራት «በሦስት ሳምንት ተማረች» ብዬ የተደሰትሁባት አይጥ መስመር አልተማረችም ነበር። ውሃውን የሚያዘጋጀው ቫልቭ ሽልማት ባለበት ሙከራ ላይ ብቻ ምስሉ ከመታየቱ ቀደም ብሎ ጠቅ ይል ኖሮ፣ የተማረችው እርሱን ነው። ማሳያውን አጥፍቼ ሞከርሁ፤ በጨለማም መላሷን ቀጠለች። እንዲህ ዓይነቱን ስሕተት ሌላው ሰው ሳያገኘው ቀድሞ ማግኘትን የሚያስተምረው ይህ ጊዜ ነው፤ ለዚህም ማንም የምስክር ወረቀት አይሰጥም።

ዲግሪ ነው የሚለው ስሕተት ቦታውን በሚፈልጉ ወጣቶች ላይ ጉዳት ያደርሳል። «ሙሉ ስኮላርሺፕ ያለው ፖስትዶክ» ብለው ይፈልጋሉ፤ ለቤተ ሙከራ ኃላፊ በሚልኩት የመጀመሪያ ደብዳቤም ትራንስክሪፕታቸውን አያይዘው የመግቢያ መስፈርቱን ይጠይቃሉ። ብዙውን ጊዜ መስፈርት አውጥቶ የሚቀበል ሬጅስትራር የለም። ኃላፊው ከራሱ የምርምር ገንዘብ ይቀጥራል፤ ማወቅ የሚፈልገውም ያሳተሙትን፣ የሚችሉትን ዘዴና በእርሱ ቤት ሊጠይቁ ያሰቡትን ጥያቄ ነው። ሌላው መንገድ በራስ ስም ፌሎውሺፕ (የምርምር ድጎማ) ማግኘት ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ኢንስቲትዩቶች ኤፍ 32 የተባለው ለዜጎችና ለቋሚ ነዋሪዎች ብቻ ሲሆን፣ ወደ ራስ ቤተ ሙከራ የሚያሸጋግረው ኬ 99 ግን ዜግነት አይጠይቅም። እነዚሁ ኢንስቲትዩቶች ለጀማሪ ፖስትዶክ ለ2024 የበጀት ዓመት የወሰኑት የሥልጠና አበል በዓመት 61,008 ዶላር ነበር፤ ቦስተን ወይም ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የቤት ኪራይ ከፍሎ የሚያውቅ ሰው ቁጥሩን ሲያይ ብዙ ነው አይልም። ለዓይን ሐኪሞች ደግሞ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ፦ ከስፔሻሊቲ በኋላ በሬቲና ወይም በሕፃናት ዓይን ሕክምና የሚወሰደው ፌሎውሺፕ የክሊኒክ ሥልጠና ነው፤ ስሙ ቢመሳሰልም ከምርምር ፌሎውሺፕ ጋር አንድ አይደለም።

ፖስትዶክን በሲቪ ላይ የት እንደሚያሰፍሩት የሚጠይቁኝ አሉ። ከ«ሥራ ልምድ» ሥር፣ የተጀመረበትና ያበቃበት ወር ተጽፎ፣ የቤተ ሙከራው ኃላፊ ስምና የተሠራው ሥራ በአንድ መስመር ተጠቅሶ ይቀመጣል። «ትምህርት» የሚለው ክፍል ዶክትሬት ላይ ያበቃል።