ቁልቁለት ላይ «ኤን» ማስገባት፦ የሚባለውና እውነታው

ከፒያሳ ተነስቶ በቸርችል ጎዳና ወደ ለገሃር በሚወርድ አውቶማቲክ መኪና ውስጥ ስትቀመጡ፣ ሹፌሩ ቴዎድሮስ አደባባይ ሳይደርስ ማርሽ መቀየሪያውን ከ«ዲ» (የመንጃ ማርሽ) ወደ «ኤን» (ዜሮ ማርሽ) ሲገፋው ታያላችሁ። ሞተሩ ጸጥ ይላል፤ ሹፌሩም ነዳጅ ያተረፈ ይመስለዋል። ታች ደርሶ ወደ «ዲ» ሲመልሰው ግን መኪናው ይነጥራል፣ የሞተሩ ዙር ድንገት ይዘላል። ከዚያ «ካምቢዮው» (የማርሽ ሳጥኑ) «ተበላሸ» ብሎ ወደ እኛ ጋራዥ ይመጣል። ደህና ካምቢዮ በዚህ ምክንያት ሲፈታ ማየት ያሳዝነኛል።

«ዜሮ ማርሽ ነዳጅ ይቆጥባል»

በካርቡራተር ዘመን እውነትነት ነበረው። ነዳጁ በኮምፒውተር ትእዛዝ በሚረጭበት የኢንጀክተር መኪና ግን ነገሩ ተገልብጧል። «ዲ» ላይ ሆናችሁ እግራችሁን ከነዳጅ መስጫው ስታነሱ ሞተሩን የሚያዞሩት ጎማዎቹ ናቸው፤ ኮምፒውተሩም ዙሩ እስኪወርድ ድረስ ነዳጁን ይዘጋል። «ኤን» ላይ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ ማቃጠል አለበት። ለጥ ባለ መንገድ ላይ ዜሮ ማርሽ መኪናውን ትንሽ ራቅ አድርጎ ያንሸራትተው ይሆናል። ቸርችል ላይ ግን በየመብራቱ ፍሬን ስለሚያዝ ያ ትርፍ በፍሬን ሸራ ያልቃል።

«ኤን ላይ ካምቢዮው ያርፋል»

አያርፍም። የሚላቀቁት ውስጥ ያሉት የፍሪሲዮን ሸራዎች፣ ማለትም ተጣብቀው ኃይል የሚያስተላልፉት ሳህኖች ናቸው፤ ወደ ጎማ የሚሄደው ዘንግ በመኪናው ፍጥነት መዞሩን ይቀጥላል። የካምቢዮውን ዘይት የሚገፋው ፓምፕ ደግሞ የሚዞረው በሞተሩ ነው። ሞተሩ ሚኒሞ ወደምንለው፣ በደቂቃ 700 ዙር አካባቢ ሲወርድ ፓምፑም አብሮት ስለሚዘገይ የሚገፋው ዘይት ይቀንሳል። አንድ ቀን ስላደረጋችሁት ካምቢዮ አይሞትም፤ የዕለት ልማድ ሲሆን ግን ይጎዳል። ሞተር አጥፍቶ መውረድማ ፈጽሞ አይሞከር። ፓምፑ ይቆማል፣ መሪው ይከብዳል፣ ፍሬኑም ሁለት ሦስት ጊዜ ከተረገጠ በኋላ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል።

«ወደ ዲ ስመልሰው የሚነጥረው ስለተበላሸ ነው»

ባለፈው ክረምት አንዲት ደንበኛችን «ካምቢዮው ይፈታልኝ» ብለው መጡ። መጀመሪያ አብረን እንውጣ አልኳቸው። ከማዘጋጃ ቤቱ እስከ ፖስታ ቤት በ«ዲ» ብቻ ወረዱ፤ መኪናዋ እንደ ቅቤ ለስልሳ ሄደች። ተመልሰን ወጣንና እንደ ልማዳቸው «ኤን» አስገብተው ወረዱ። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ላይ ሳሉ ወደ «ዲ» ሲመልሱት ሁለታችንም ወደ ፊት ተነቀነቅን። ሞተሩ 700 ላይ ቆይቶ ነበር፤ ማርሹ ግን በዚያ ፍጥነት ከእጥፍ በላይ ዙር ይፈልጋል። ልዩነቱን የሚሸከሙት እነዚያ ቀጫጭን የፍሪሲዮን ሸራዎች ናቸው። ጋራዥ ስንመለስ የካምቢዮውን ዘይት ነጭ ወረቀት ላይ አንጠብጥቤ አሳየኋቸው፦ ጥርት ያለ ቀይ፣ የተቃጠለ ሽታ የሌለው። ምንም ሳይፈታ ወደ ቤታቸው ሄዱ።

መኪናው ቆሞ፣ ፍሬን ተይዞ ከ«ፒ» (የማቆሚያ ቦታ) ወደ «ዲ» ሲገባም በኃይል የሚነጥር ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ያኔ ዘይቱና የሞተሩ መቀመጫ ላስቲኮች ይታዩ።

«ቁልቁለት ላይ ሞተሩ በራሱ ሲጮህ ችግር አለ»

ብዙ አዳዲስ ካምቢዮዎች ቁልቁለት መሆኑን አውቀው ማርሽ ይቀንሳሉ፤ መኪናውን በሞተሩ የሚይዙት እንዲህ ነው። ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ ስትወርዱማ ራሳችሁ «2» ወይም «ኤል» (ዝቅተኛ ማርሽ) አስገቡ። ፍሬኑ አይግልም።

«በየመብራቱ ኤን ማስገባት ግዴታ ነው»

ለአጭር ቆይታ «ዲ» ላይ ፍሬን መያዝ ይበቃል። መንገዱ ለረጅም ጊዜ ከተዘጋ «ኤን»ና የእጅ ፍሬን ጥሩ ነው።

በጉዞ ላይ ሳታስቡት «ኤን» ከገባ ነዳጅ አትስጡ። ሞተሩ ጮኾ ከሆነ ዙሩ እስኪወርድ ጠብቁ፤ ከዚያ ጣታችሁን ከመቀየሪያው ቁልፍ ላይ አንስታችሁ ወደ «ዲ» ሳቡት። በአብዛኞቹ መኪናዎች ከ«ኤን» ወደ «ዲ» ለመግባት ቁልፉን መጫን አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ወደ «አር» (የኋላ ማርሽ) ለመግባት ነው።