«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም»፦ ከአያቴ ወጥ ቤት የሰማሁት ትርጉም

ካቢኔ ሲበወዝ፣ የኳስ አሠልጣኝ ሲሰናበት፣ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ከአንዱ ወንበር ወደ ሌላው ሲዛወር ከአፋችን ቀድማ የምትወጣው ይህች አባባል ናት። «ቢቀያየር» የሚሉም አሉ፤ ያው ናት። ከተናገርናት በኋላ ብዙ ጊዜ ጨዋታው ያልቃል። ተስፋ የለውም፣ ተወው እንደማለት አድርገን ይዘናታል። እኔ ግን መጀመሪያ የሰማኋት ስለ ሹመት ሲወራ አልነበረም። ደሴ፣ ሸዋ በር፣ አያቴ ወጥ ቤት ውስጥ፣ ምስር ወጥ ተጥዶ ነው የሰማኋት። እዚያ ደግሞ ጨዋታ የሚዘጋባት ሳትሆን ሥራ የሚጀመርባት ነበረች።

የአያቴ ቤት የጭቃ ቤት ነው። ግድግዳው በየዓመቱ ለዘመን መለወጫ ኖራ ይቀባል፤ ኖራው በረገፈበት በኩል ጭዱ ይታያል። ምሰሶው ላይ የስንት በዓል በግ የታሰረበት ገመድ ያጎደጎደው ቦታ አለ፤ ልጅ ሆነን ጣታችንን እየከተትን እንጫወትበት ነበር። ክረምት ሲገባ ጭጋጉ ከጦሳ ወርዶ ግቢው ውስጥ ይተኛል። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ስለሆነች የሐምሌ ብርዷ አጥንት ይገባል። እልፍኝ ውስጥ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ሰው ከሰው አይሰማማም። ስለዚህ ያ ሁሉ ቤተሰብ ወጥ ቤት ነበር የሚውለው። አክስቴ ፀጉር ትሠራለች፣ አጎቴ ሬዲዮኑን ጆሮው ላይ ለጥፎ ይቀመጣል፣ እኛ በእሳቱ ብርሃን የቤት ሥራችንን እንሠራለን። ጭሱ ዓይን ያቃጥላል፤ ግን የሚወጣ የለም። መሐል ላይ ሦስቱ ጉልቻዎች ናቸው።

ሦስቱም ጥቁር ድንጋይ ናቸው። አያቴ ጎጆ ስትወጣ ወንድ አያቴ ከጦሳ ሥር መርጦ በአህያ ያመጣላት ናቸው ይባላል። ቦርከና ዳር ከዚያ የቀረበና ያማረ ድንጋይ ሞልቶ ነበር። የወንዝ ድንጋይ ግን ውሃ የጠጣ ነው፤ እሳት ሲበረታበት ይፈነዳል፣ ድስትም ሰውም ይጎዳል። ጥቁሩ ድንጋይ ከእሳት የወጣ ነው። የወሎን ተራሮች የሠራቸው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከመሬት ሆድ እየፈላ ወጥቶ የተደራረበ ቅልጥ ዐለት ነው። አያቴ ይህን ከመጽሐፍ አላነበበችም፤ ግን «እሳት የለመደ ድንጋይ» ነበር የምትለው።

ለምን ሦስት ሆኑ? የወጥ ቤቱ ወለል አፈር ነው፣ ልክ አይመጣም። አራት ድንጋይ ብታስቀምጡ አንዱ ሁልጊዜ ይጎድላል፣ ድስቱም ይወላገዳል። ሦስት ከሆኑ ግን መሬቱ ምንም ቢሆን ድስቱ ሦስቱንም ነክቶ ይቀመጣል። በመሐላቸው ባለው ክፍተት ፍልጡ ይገባል፣ ነፋስ ይገባል፣ አመዱ ይዛቃል። ድስቱ ሲተልቅ አንዱን ገፋ፣ ሲያንስ ሳብ ማድረግ ነው። እንጀራ የሚጋገር ዕለት ምጣዱ ሰፊ ስለሆነ ሦስቱም ይራራቃሉ። እንግዲህ ጉልቻ ማለዋወጥ በሴቶች እጅ በየቀኑ የሚሠራ ሥራ ነው ማለት ነው። አባባሏም የተወለደችው እዚያው ነው፦ ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ስትገፋና ስትስብ የምትውል ሴት፣ ድንጋይ መግፋት የሚሰጠውንም የማይሰጠውንም ጠንቅቃ ታውቃለች።

የአጎቴ ሚስት አዲስ ሙሽራ ሆና የመጣች ሰሞን ነው። ወጥ እንድትሠራ ተተወላትና ምስሩን ጣደች። እኛም እየተጠባበቅን ነው። ትንሽ ቆይቶ የማረር ሽታ መጣ። ልጅቷ ፊቷ ቀላ።

«እማማ፣ ይሄ ጉልቻ እኮ ያዘነብላል፤ ባንድ ወገን እያሳረረ አስቸገረኝ» አለች።

አያቴ አልተቆጣችም። ተነሣች፣ ድስቱን በጨርቅ ይዛ አወረደች፣ እሳቱን ወደ ኋላ ሳበች፣ ከዚያ በፍልጥ እየገፋች የግራውን ድንጋይ በቀኙ ቦታ፣ የቀኙን በግራው ቦታ አደረገችው። ድስቱን መልሳ ስትጥደው ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። ከወጡ በጭልፋ ጨለፈችና መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ቀመሰች። ለሙሽራዪቱም መዳፏ ላይ ጠብ አደረገችላት።

«አሁን ጣፈጠ?»

«ኧረ አልጣፈጠም እማማ።»

«አየሽ ልጀ፣ ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም። በይ ነይ ሽንኩርቱን እንየው።»

እኔ የማምንበት ትርጉም «ነይ ሽንኩርቱን እንየው» የምትለዋ ናት። እኛ ዛሬ አባባሏን ስንናገር የምንቆርጣት እዚያ ጋ ነው፤ የመጀመሪያውን ግማሽ ይዘን ሁለተኛውን ጥለነዋል። አያቴ ያን ዕለት ሌላ ድስት አወጣችና ሽንኩርት አስከተፈች፣ ደቆ እስኪሄድ። ዘይት ሳይገባበት በዝግታ እሳት ላይ አደረገችው። «ሽንኩርት መጀመሪያ ይጮኻል፣ ቀጥሎ ያለቅሳል፣ ኋላ ዝም ይላል፤ ዝም ሳይል በርበሬ እንዳታስገቢ» አለቻት። እውነትም ድስቱ ላይ ጆሮ ጣል ላደረገ ሦስቱም ድምፅ ይሰማል፦ ሲነካ የሚንጫጫው፣ ውሃውን ሲያወጣ የሚንተከተከው፣ ውሃው አልቆ መቅላት ሲጀምር ጸጥ የሚለው። ከዚያ ዘይት፣ ከዚያ በርበሬ፣ እንዳይዝ ውሃ ጠብ ጠብ እያደረጉ በማማሰያ ማመስ። የበርበሬው ጥሬ ሽታ እስኪጠፋ ምስር አይገባም። ሙሽራዪቱ የቸኮለችው እዚህ ላይ ነበር። ቁሌቱ ሳይበስል ምስሩን ጨመረችው፤ ድንጋዩ ምንም አላደረገም።

ቃሏን ራሷን ቀረብ ብለን ብናያት ይህንኑ ትነግረናለች። «ቢለወጥ» አላለችም፣ «ቢለዋወጥ» ነው ያለችው። ተለወጠ ስንል አሮጌው ወጥቶ አዲስ ገባ ማለት ይሆናል። ተለዋወጠ ስንል ግን እርስ በርሳቸው ቦታ ተቀያየሩ ማለት ነው፤ ያው ሦስት ድንጋይ፣ የግራው ወደ ቀኝ፣ የቀኙ ወደ ግራ። ስለዚህ ያው ሰዎች ወንበር ሲቀያየሩ አባባሏን መጥቀሳችን ልክ ነው። ለማንኛውም ለውጥ ሁሉ መጥቀሳችን ግን በአባባሏ ላይ የሌለ ነገር መጨመር ነው። ደግሞም «አያጣፍጥም» ተባለ እንጂ «አያስፈልግም» አልተባለም። ጉልቻ ከሌለ ድስቱ አመድ ላይ ይደፋል። አያቴም እኮ ወደ ሽንኩርቱ ከመሄዷ በፊት ድንጋዩን አስተካክላለች።

የቃሉ ሥር ጎለተ ነው፤ አጽንቶ አስቀመጠ፣ ተከለ ማለት ነው። ሥራ ፈትቶ የተቀመጠን ሰው «ምን ተጎልተህ ትውላለህ» የምንለው፣ ሴቶች ጥቂት ሽንኩርትና ቃሪያ ዘርግተው የሚቀመጡበትን ትንሽ ገበያ ጉልት የምንለው ከዚሁ ነው። በድሮው ሥርዓት ለመኳንንትና ለአድባራት ግብር እንዲበሉበት ይሰጥ የነበረው መሬትም ጉልት ይባል ነበር፤ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ያን ዓለም ጨርሶ ዘጋው። ያ ጉልት ሲቀር የወጥ ቤቱ ጉልቻ ግን ስሙንም ቦታውንም ይዞ ቆየ። ዛሬም ትዳር ለያዘ ሰው «ሦስት ጉልቻ መሠረተ» እንላለን። አልጋም፣ ሣጥንም፣ በርም ሳይጠራ፣ ቤት በሦስት ድንጋይ መጠራቱ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል።

አባባሏ ለትዳርም ትነገራለች። አግብቶ ለሚፈታ፣ ፈትቶ ለሚያገባ፣ ግን ጠባዩን ለማያርም ሰው።

አንድ ጊዜ ግን በተቃራኒው ስትነገር ሰምቻለሁ፤ ለመጽናኛ። በ1977ቱ ድርቅ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ወደ 600,000 የሚጠጋ ሰው በሰፈራ ወደ ወለጋ፣ ወደ ኢሉባቦር፣ ወደ ከፋ፣ ወደ ጋምቤላና ወደ መተከል ተወስዷል። ከደላንታ የሄደች የአያቴ እኅት ኢሉባቦር ደረሰች። ከዓመታት በኋላ በልጇ እጅ ያጻፈችው ደብዳቤ መጣ፤ እናቴ ጮክ ብላ ስታነበው ወጥ ቤቱ ጸጥ ብሎ ነበር። አገሩ ደን ነው፣ ማገዶ ሞልቷል፣ ድንጋይ ግን የለም ትላለች። ጉልቻዋን ከኩይሳ አፈር ጠፍጥፋ፣ በፀሐይ አድርቃ ነው የሠራችው። ቀጥላ፣ «ወጤን ግን የቀመሰ ሁሉ የወሎ ነው ይላል፤ ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ካሉን፣ አያጠፋምም ማለት ነው» ብላለች። አያቴ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ከዚያ ወዲህ አባባሏን በሰማሁ ቁጥር ይህ ሁለተኛው ፊቷ ይመጣብኛል። ሙያ ከድንጋዩ ጋር የሚቀር ቢሆን ኖሮ እነዚያ ሰዎች ምን ይዘው ይሄዱ ነበር?

የአያቴ ታላቅ ወንድም ሙስሊም ነበር። ወሎ ውስጥ ይህ ከቤት የማይወጣ፣ ወሬ የማይሆን ነገር ነው። ሥጋው ብቻ ይለያል። እነሱ የሚመጡበት በዓል ሲሆን በጉን የሚያርደው ከእነሱ አንዱ ነው፤ ድስቱና ቢላውም ለብቻ ቆጡ ላይ ተደፍተው ይቀመጡ ነበር፣ ማንም አይነካቸውም። ጉልቻው ግን አንድ ነው። ጠዋት የእነሱ ወጥ ይጣድበታል፣ ከሰዓት የእኛ። ልጅ ሆኜ ድንጋዩስ አይለይም ወይ ብዬ ጠይቄ ነበር። «ድንጋይ ምን ይቀምሳል ልጀ» አለችኝ አያቴ።

በመጨረሻ ዓመታቷ ዓይኗ ያለማቋረጥ ያነባ ነበር። ስልሳ ዓመት ያህል ጭስ ላይ ተጎንብሳለችና አያስገርምም። ስለዚህ ጉልቻ ይቅር የሚሉትን ሰዎች አልቃወምም። ምርጥ ምድጃም ሆነ ላቀች ምድጃ ማገዶና ከሰል ይቆጥባሉ፤ የኤሌክትሪኩ ደግሞ ጭራሽ ጭስ የለውም። አያቴ ቀደም ብላ አግኝታቸው ቢሆን ኖሮ እላለሁ። ምድጃ መቀየር ዓይን ያድናል፤ ወጥ ማጣፈጥ ሌላ ሥራ ነው።

አሁን ቤቱን የያዘችው ያች ሙሽራ ናት፤ ዛሬ እሷም አያት ሆናለች። የኤሌክትሪክ ምድጃ አላት። ሦስቱን ጥቁር ድንጋዮች ግን ከቦታቸው አላነሣቻቸውም። በ2017 ዓ.ም. ሁዳዴና ረመዷን በአንድ የካቲት ገቡ። እንዲህ ሲገጥም ነው እኛ ቤት ሁሉም ከአንድ ድስት የሚበላው፤ ሥጋ ስለሌለ ሁለተኛው ድስት ከቆጡ አይወርድም። አንድ ማታ የአያቴ ወንድም የልጅ ልጆች ለማፍጠር ተጠርተው ሳለ መብራት ጠፋ። የአጎቴ ሚስት ምንም ሳትል ጭራሮ አቀጣጠለችና ድስቱን ጉልቻው ላይ ጣደችው። ሽንኩርቱ ጮኸ፣ አለቀሰ፣ ዝም አለ። በርበሬው ገባ፣ ምስሩ ገባ፣ ወጡ ደረሰ።

መቅመስ የሚችል ሰው ግን አልነበረም። እሷ እስከ ማታ ነው የምትጾመው፤ አጠገቧ ሆነው ሲያግዟት የነበሩት ልጃገረዶችም አዛን እየጠበቁ ነው። ቴምሩ በሳህን ቀርቦ ማንም አልነካውም። ከደጅ የምትጫወት የስድስት ዓመት ልጅ ተጠራች። መጣች፣ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገችና ዘረጋች። የአጎቴ ሚስት በጭልፋ ጨልፋ፣ እፍ እፍ ብላ አብርዳ፣ መዳፏ ላይ ጠብ አደረገችላት። ሁላችንም ልጅቷን እናያለን። መዳፏን ላሰች፣ ትንሽ አሰበችና፣

«ጨው» አለች።