92 ካየሽ 92 ጻፊ

ባለፈው ወር የ7ኛ ክፍል ተማሪዎቼ ውሃ አፈሉ። አንዲት ልጅ ቴርሞሜትሩን አየችና ደብተሯ ላይ 92 ብላ ጻፈች። ከዚያ መጽሐፉን ገለጠች። መጽሐፉ ውሃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል ይላል። ላጲሷን አወጣች። 92ን አጠፋችና 100 ጻፈች።

ማንም አጥፊው አላላትም። ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ ስናስተምራት የኖርነው ይህንኑ ነው።

ሳይንስ ማስተማር ከጀመርኩ 17 ዓመት ሆነኝ። መጀመሪያ ኮምቦልቻ፣ አሁን ደሴ። በእነዚህ ዓመታት በመምህራን ማረፊያም በወላጆች ስብሰባም አንድ ነገር ስሰማ ኖሬያለሁ። ልጆች በማስረጃ እንዲያስቡ ማስተማር ለእኛ አገር አይሆንም ይሉኛል። የሚሰጡኝ ምክንያት ይለያያል እንጂ መደምደሚያው ያው ነው። ሰልችቶኛል። አንድ በአንድ ልመልስ።

«ሙከራው ከመጽሐፉ ጋር ካልገጠመ ተበላሽቷል»

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ይሄ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልናገር።

መጽሐፉ አልተሳሳተም። ልጅቷም አልተሳሳተችም። ውሃ በ100 ዲግሪ የሚፈላው በባሕር ወለል ከፍታ ላይ ነው። ደሴ ያለችው ግን ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ከላያችን ያለው አየር ያንሳል። ውሃውን የሚጫነው ግፊትም አብሮ ይቀንሳል። ስለዚህ ውሃው ቀድሞ ይፈላል። በየ300 ሜትሩ 1 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል ብላችሁ ያዙት። ደሴ ላይ 92 ያየ ልጅ በትክክል አይቷል ማለት ነው።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ታሪኩን ሰምቶ «ቴርሞሜትሩ ተበላሽቶ ነው» አለኝ። ሊሆን ይችላል። መጠርጠሩ አላናደደኝም። ያናደደኝ ጠርጥሮ እዚያው መቆሙ ነው። ስለዚህ ጥያቄውን ለልጆቹ አቀረብኩላቸው፦ ቴርሞሜትር መበላሸቱን በምን እናውቃለን?

ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ «በሌላ ቴርሞሜትር እንለካው» አለ። ለካን። ሁለተኛውም 92 አካባቢ ቆመ። ሌላዋ ደግሞ «በረዶ ሲቀልጥ 0 ነው ብለውን የለ? እዚያ ውስጥ እንክተተው» አለች። ፊት ለፊት ካለው ሱቅ ፍሪጅ በረዶ አስመጣን። ከውሃ ጋር ቀላቅለን ቴርሞሜትሩን ከተትነው። ወርዶ ወርዶ 0 ላይ ቆመ። ዕቃው ደህና ነበር።

ቅዳሜ ያንኑ ቴርሞሜትር በኪሴ ይዤ የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ኮምቦልቻ ሄድኩ። እህቴ ቤት ማንቆርቆሪያ ጣድን። 94 አነበብኩ። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ናት። ሰኞ ጠዋት ሰሌዳው ላይ ሁለት መስመር ጻፍኩ፦ ደሴ 92፣ ኮምቦልቻ 94። ከዚያ ዝም አልኩ። መምህር ዝም ማለት ከባድ ነው፤ ግን ይለመዳል።

አንድ ልጅ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ እናቴ የባቲ ልጅ ናት። ደሴ ላይ ንፍሮ ቶሎ አይበስልም፣ ከሰል ይፈጃል እያለች ሁሌ ታማርራለች» አለ። ክፍሉ ሳቀ። እኔ ግን እዚያው ቁጭ ባልኩ ደስ ባለኝ። ያቺ እናት ቴርሞሜትር ሳትይዝ፣ በድስቷ ብቻ፣ ባቲና ደሴን ለክታለች። ባቲ ከኮምቦልቻም ዝቅ ያለች ናት። ውሃው እዚያ ከመፍላቱ በፊት የበለጠ ይሞቃል፤ ንፍሮውም ቶሎ ይበስላል። ልጁ ሲሰማው የኖረው እሮሮ ማስረጃ ሆኖ መጣ።

ይህ ሁሉ የተገኘው የጠፋውን ቁጥር መልሰን ስላየነው ነው። 92 እንደጠፋ ቢቀር ኖሮ የምንነጋገረው ነገር አይኖርም ነበር።

እኔም 8ኛ ክፍል ሳለሁ ይህንኑ ሙከራ ሠርቻለሁ። አስተማሪያችን ቁጥራችንን አየና «አልሠራም፤ 100 ብላችሁ ጻፉ» አለን። ጻፍን። ለምን እንዳነሰ የገባኝ ከዓመታት በኋላ ኮሌጅ ስገባ ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ ውስጥ በዓይኔ ያየሁትን ነገር እንደ ጥፋት ቆጥሬው ኖሬያለሁ። ያየችውን አጥፍታ የሚጠበቀውን የምትጽፍ ልጅ ነገ ነርስ ትሆናለች። የደም ግፊት ትለካለች። ያኔስ የትኛውን ቁጥር ነው የምትጽፈው?

መምህራን፣ እባካችሁ ማርክ ስትሰጡ ይህችን ነገር ለውጡ። 100 ለጻፈ ሳይሆን ያየውን ለጻፈና ለምን እንደተለየ ለጠየቀ ስጡ። አንድ ተርም በቂ ነው። ልጆች ማርክ ወዳለበት ይሄዳሉ።

«ላብራቶሪ ሳይኖር ምን ሳይንስ አለ?»

ላብራቶሪ ያስፈልጋል። በ2014ቱ ጦርነት ብዙ የወሎ ትምህርት ቤቶች ዕቃቸውን አጥተዋል፤ ይህን ማንም አይክድም። ዕቃ እንዲገባልን ከሚጮሁት አንዱ እኔ ነኝ። ዕቃው እስኪመጣ ግን ልጆቹ ይጠብቁ ማለት ሌላ ነገር ነው።

ሁለት የቲማቲም ድልህ ጣሳ ፈልጉ። አንድ ዓይነት አፈር፣ እኩል ውሃ፣ እኩል ሽምብራ አድርጉባቸው። አንዱን መስኮት ላይ፣ ሌላውን ቁምሳጥን ውስጥ አስቀምጡ። ከመጀመራችሁ በፊት እያንዳንዱ ልጅ ግምቱን ይጻፍ። አብዛኞቹ «ጨለማ ውስጥ ያለው አይበቅልም» ይላሉ። ከሳምንት በኋላ ቁምሳጥኑን ክፈቱ። በቅሏል! እንዲያውም ከመስኮቱ ይረዝማል። ግን ቀጭንና የገረጣ ነው። ሽምብራ ለመብቀል ብርሃን አይፈልግም፤ በደንብ ለማደግ ግን ይፈልጋል። ልጆቹ ይህን ሲያዩ የሚጠይቁትን ጥያቄ የትኛውም ላብራቶሪ አይሰጣችሁም። በአንድ ክፍል 64 ልጅ አለኝ። በቡድን ስምንት ስምንት ሆነው ይሠራሉ፤ ስለዚህ የተማሪ ብዛትም ምክንያት አይሁን።

«ልጆቹ ገና ናቸው»

የ13 ዓመት ልጅ ሰኞ ባቲ ገበያ ላይ ፍየል ሲመርጥ ቆማችሁ እዩ። አፏን ከፍቶ ጥርሷን ያያል፣ ጀርባዋን ይዳስሳል፣ ሻጩ ያለውን ሰምቶ ዝም ብሎ አይቀበልም። ከዚያ ክፍል ሲገባ ማሰብ አይችልም እንለዋለን።

«ሂሳዊ አስተሳሰብ ልጆችን ባለጌ ያደርጋል»

ይህን የሚሉኝ ወላጆች ክፉዎች አይደሉም። ቃሉ ራሱ ጎድቶናል። በደርግ ጊዜ ያደገ ሰው «ሂስ» ሲባል የሚመጣበት ሂስና ግለ ሂስ ነው፤ ሰው በሰው ላይ የሚነሳበት ስብሰባ። ስለዚህ እኔ በወላጆች ስብሰባ ላይ ቃሉን ትቼዋለሁ። «ልጃችሁን ‹እንዴት አወቅህ?› ብሎ መጠየቅ እያስተማርኩት ነው» እላለሁ። ያኔ ፊታቸው ይፈታል።

ይህ ጥያቄ ደግሞ ለወሎ እንግዳ አይደለም። የጁ ውስጥ ዳና በሚባለው የእስልምና ትምህርት ቦታ የተቀመጠ ደረሳ (ተማሪ) ሐዲስ ሲማር መልእክቱን ብቻ ይዞ አይሄድም። ማን ከማን ሰማው፣ እሱስ ከማን ሰማው፣ የሚታመን ሰው ነው ወይ ብሎ ሰንሰለቱን ይማራል። ኢስናድ ይሉታል። በቤተ ክርስቲያኑ በኩልም የመጽሐፍ ትርጓሜ የተማረ ሰው «አንድም እንዲህ ነው፣ አንድም እንዲህ ነው» እያለ ከአንድ ቃል ብዙ ፍቺ ያወጣል። በቀድሞው ችሎት ባላጋራዎች «በላ ልበልሃ» ተባብለው ሲሟገቱ ምስክር ይቆጠር ነበር። አያቶቻችን ማስረጃ መጠየቅን ያውቁ ነበር። «ዝም አይነቅዝም» የሚለውን ተረት ብቻ ለይተን ክፍል ውስጥ ያስገባነው እኛ ነን።

ሥርዓት ግን ይማራሉ። እኔ ክፍል ውስጥ «ዋሸህ» አይባልም። «ይህን ከየት አገኘኸው?» ይባላል። «ተሳስተዋል ቲቸር» ማለትም ይፈቀዳል፤ ግን ለምን እንደሆነ ማሳየት ግድ ነው።

«የአባቶችን አባባል መፈተሽ መናቅ ነው»

በቆላው በኩል ወባ የሚመጣው እሸት በቆሎ ከመብላት ነው የሚል ሰው ብዙ ነው። ተማሪዎቼም ይላሉ። አንዳንድ መምህር «ኋላ ቀር አስተሳሰብ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ልጁ ያፍራል፤ ቤት ሲሄድ ግን ያው አያቱን ያምናል። እኔ እንዲህ አደርጋለሁ። ሰሌዳው ላይ ወሮቹን እጽፋለሁ። እሸት የሚበላው መቼ ነው? ክረምቱ ሲወጣ። ወባ የሚበዛው መቼ ነው? ከመስከረም እስከ ኅዳር። አያትየው ያየችው ነገር እውነት ነው፤ ሁለቱ አብረው ይመጣሉ።

ታዲያ አብረው ስለመጡ አንዱ ሌላውን ያመጣል? እዚህ ጋ ልጆቹን እተዋቸዋለሁ። ቀስ ብለው ይደርሱበታል። ደሴ ውስጥም እኮ እሸት ከቆላ መጥቶ በየመንገዱ እየተጠበሰ ይሸጣል፤ እንበላለን። ከ2,000 ሜትር በላይ በመሆናችን ግን ወባ እዚህ እምብዛም አይተላለፍም። እሸቱ ቢሆን ኖሮ እኛም በታመምን ነበር። ክረምት ሲወጣ ውሃ በየቦታው ይታቆራል፤ ትንኝ ይራባል። ወባ በትንኝ እንደሚተላለፍ ሮናልድ ሮስ እ.ኤ.አ. በ1897 ሕንድ ውስጥ ተህዋሱን በትንኝ ሆድ ውስጥ አግኝቶ መንገዱን እንደከፈተ ያኔ እነግራቸዋለሁ። ቀድሜ ብነግራቸው ኖሮ ሌላ የሚሸመደድ ስም ይሆን ነበር።

ነገሩ ግን እዚህ አያበቃም። ምዕራብ ጎጃም ቡሬ አካባቢ የተደረገ ጥናት የበቆሎ አበባ ብናኝ ውሃ ላይ ሲረግፍ የወባ ትንኝ እጮች እንደሚመገቡት፣ በቆሎ በብዛት በሚዘራበት ቦታም ወባ እንደሚበረታ አሳይቷል። መብላቱ አያሳምምም። ግን በቆሎና ወባ ዝምድና አላቸው። ይህን ስነግራቸው ክፍሉ ጸጥ አለ። አንድ ልጅ «አያቴ ግማሹን አግኝታዋለች ማለት ነው» አለ። አዎ፣ ግማሹን አግኝታለች። ያንን ግማሽ ያየነው አባባሏን ስለፈተሽነው ነው። የናቃትስ ሳይመረምር «ኋላ ቀር» ብሎ ያለፈው ነው።

«ጤና አዳም ጠጥቼ ጉንፋኔ በሳምንት ለቀቀኝ፤ ይኸው ማስረጃ»

ያልጠጣውም በሳምንት ይለቀዋል። ሁለቱን ሳናወዳድር መናገር አንችልም።

«የሁሉም ሰው ሐሳብ እኩል ነው»

ሰው እኩል ነው። ሐሳብ ግን በማስረጃው ይመዘናል።

«ፈተና ላይ አይመጣም»

ይህ የርዕሳነ መምህራን ጭንቀት ነው፤ ይገባኛል። የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና አለ፣ መጽሐፉ ማለቅ አለበት። ግን ሽምደዳው የት አደረሰን? በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ጦርነትም፣ ወረርሽኝም፣ የመጽሐፍ እጥረትም አለበት። ሁሉን በሽምደዳ አላሳብብም። ሆኖም ለፈተና ሲባል ማሰብን የምንሠዋ ከሆነ፣ ቢያንስ ፈተናውን ማለፍ ነበረብን።

ጊዜም አይወስድም። እኔ በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ነው የምሰጠው። ደብተሩ ሦስት አምድ አለው፦ የገመትኩት፣ ያየሁት፣ እንዴት አወቅሁ። ግምት በእስክርቢቶ ይጻፋል። በእርሳስ ከሆነ ይጠፋል፤ ላጲስ እንዴት እንደሚሠራ አይቻለሁ። ጥያቄ ጠይቃችሁ ማን ይመልስ ከማለታችሁ በፊት አምስት ሰከንድ ቁጠሩ። እጁን ቀድሞ የሚያወጣውን ልጅ ሁሌ አትምረጡ። ሴቶቹን ጠይቁ፤ ዝም የሚሉት ስለማያውቁ አይደለም። መልሱን ካላወቃችሁ «አላውቅም፣ አብረን እንየው» በሉ። ክብራችሁ አይነካም። እኔ ብዙ ጊዜ ብያለሁ፤ ልጆቹ የበለጠ ቀረቡኝ።

ያቺ ላጲስ ያወጣችው ልጅ ባለፈው ሳምንት ከክፍል ስወጣ ተከትላኝ መጣች። «ቲቸር፣ አፋር ዳሎል ከባሕር ወለል በታች ነው አይደል? እዚያ ውሃ ከ100 በላይ ሊፈላ ነው?» አለችኝ። ትንሽ ከፍ ይላል አልኳት። ቀና ብላ የጦሳን ተራራ አየችና «እዚያ ላይስ?» አለች።

ግምቷን በእስክርቢቶ ጽፋ ሰጥታኛለች። 91 ትላለች። ወረቀቷ ቁምሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። ቅዳሜ ጠዋት ከስምንት ልጆች ጋር ማንቆርቆሪያ፣ ከሰልና ቴርሞሜትር ይዘን ጦሳን እንወጣለን።