ያልፈረሙ የኮሌጅ ሆኪ ተጫዋቾች በኤንኤችኤል ዝውውር ያላቸው ዋጋ

በሰሜን አሜሪካው የበረዶ ላይ ሆኪ ሊግ፣ በኤንኤችኤል፣ በድራፍት፣ ማለትም ክለቦች በየዓመቱ ወጣት ተጫዋቾችን ዙር በዙር ተራ በተራ በሚመርጡበት ሥርዓት፣ መመረጥ መፈረም ማለት አይደለም። የተመረጠው ልጅ ኮሌጅ ከገባ ክለቡ በእጁ የሚቀረው የማስፈረም መብት ብቻ ነው። መብቱም በተለምዶ ልጁ አራተኛ ዓመቱን በጨረሰበት ኦገስት 15 ያበቃል። ከዚያ በኋላ ልጁ ነጻ ነው፤ ከፈለገው ክለብ ጋር ይፈርማል። ኮንትራቱ ሊያልቅ ጥቂት ወራት የቀረውን የእግር ኳስ ተጫዋች ያስታውሳል። ክለቡ ወይ በርካሽ ይሸጠዋል፣ ወይ በባዶ እጁ ይቀራል።

በባዶ እጅ የማይቀረው በአንደኛው ዙር የመረጠ ክለብ ነው። ልጁ ሳይፈርም ከሄደ የሁለተኛ ዙር ምርጫ፣ ማለትም በድራፍቱ ሁለተኛ ዙር አንድ ተጨማሪ ተጫዋች የመምረጥ ተራ፣ በካሳ ያገኛል። በ2010 በ24ኛነት የተመረጠው ኬቨን ሄይስ በ2014 ቺካጎን ትቶ ኒውዮርክ ሬንጀርስ ሲገባ ቺካጎ የተካሰው በዚህ ደንብ ነው።

ዋጋን በደንብ የሚያሳዩት ሁለቱ የሃርቫርድ ልጆች ናቸው። በተለያዩ ዓመታት ሁለቱም በሦስተኛው ዙር፣ ሁለቱም በ66ኛነት ተመረጡ። ጂሚ ቬሲ በ2016 የኮሌጅ ሆኪን ትልቅ ሽልማት፣ ሆቢ ቤከርን፣ ወሰደ። ለመረጠው ክለብ ለናሽቪል ግን አልፈርምም አለ። ቡፋሎ መብቱን በአንድ የሦስተኛ ዙር ምርጫ ገዛ፤ ቬሲ ግን ቀኑን ጠብቆ ሬንጀርስ ገባ። ያ ሁሉ ጎል ዋጋውን ከተመረጠበት ዙር ፈቀቅ አላደረገውም።

ሁለተኛው ልጅ አዳም ፎክስ ከካልጋሪ ወደ ካሮላይና ያለፈው በ2018 ነው፣ በእነ ዱጊ ሃሚልተን ትልቅ ዝውውር ውስጥ። በኤፕሪል 2019 ሬንጀርስ ወሰደው፤ ያኔ ገና አንድ የኮሌጅ ዓመት ይቀረው ነበር። የተከፈለው አንድ የሁለተኛ ዙር ምርጫና አንድ ባለ ቅድመ ሁኔታ የሦስተኛ ዙር ምርጫ ነው፤ ይህ የኋለኛው ምርጫም ፎክስ በቂ ጨዋታ ስለተጫወተ ወደ ሁለተኛ ዙር ከፍ አለ። በ2021 ፎክስ የሊጉ ምርጥ ተከላካይ ተብሎ የኖሪስን ዋንጫ አነሳ። ሬንጀርስ በዘመናችን ካደረጋቸው ብልህ ግዢዎች አንዱ ይኸው ነው።

ጊዜ ሲኖር ዋጋው ይከብዳል። በጃንዋሪ 2024 ፊላደልፊያ በ5ኛነት የመረጠውን ከተር ጎቲየርን ለአናሃይም ሰጠ። በምትኩ በ2020 በ6ኛነት የተመረጠውን ጄሚ ድራይስዴልንና አንድ የሁለተኛ ዙር ምርጫ አገኘ። ጎቲየር ለምን ፊላደልፊያን እንደጠላ ብዙ ተብሏል፤ ለዋጋው ግን ዋናው ነገር ያኔ ገና የሁለተኛ ዓመት ተማሪ መሆኑ ነው።

በዚያው ዓመት ኦገስት ዊኒፔግ ራትገር ማክግሮርቲን በብሬደን ያገር ለወጠ፤ ሁለቱም በየዓመታቸው ድራፍት 14ኛ ምርጫ ነበሩ። በ2025 ደግሞ የ31ኛው ምርጫ አይዛክ ሃዋርድ ከታምፓ ወደ ኤድመንተን ሄደ፣ በ32ኛው ምርጫ በሳም ኦራይሊ ተተክቶ። ሃዋርድም እንደ ቬሲ የሆቢ ቤከር አሸናፊ ነበር። ልዩነቱ፣ እሱ አንድ የኮሌጅ ዓመት ቀርቶት ነበር።